የአምቡላንስ ሹፌር መርዶ

እናቴ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ዲላ ላይ ነው። የተቀበረችውም በዚያው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ የሰው እናት ሳመላልስ ነበር፤ የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የሚደራጅበት። ታቦር አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። አንዲት ነጭ ላንድክሩዘር አለችን። ለእሷ ሁለት ሹፌር ነው የተመደበው፤ አንደኛው እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው «ቅጥሩ በሂደት ላይ ነው»። ይኼ ሂደት የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን መጥቶ መሪ ቢጨብጥልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! አዋላጅ ነርሶችም አራት መሆን ሲገባቸው ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱ ደግሞ አንዷ ሁልጊዜ ሥልጠና ላይ ናት። ሲስተር ታቢታ ወላድ ይዛ ከእኔ ጋር ወደ ሆስፒታል ስትወጣ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚያዋልድ ሰው አይቀርም። ምጥ ይዟት የመጣችውን «አሁን ይመጣሉ፣ ትንሽ ያዝ አድርጊው» እያለ የሚያጽናናት ዘበኛው ነው።

የአምቡላንሱ ስልክ የእኔው ስልክ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ቁጥሬን በየቤቱ አድለውታል፤ የማላውቀው ሰው በር ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ስለዚህ ስልኬ ከጠራ ምጥ ነው። እሑድ ግን የምደውለው እኔ ነኝ፤ ለእማዬ።

እማዬ ታማ ከተኛች ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ጉበት ነው አሏት። ታላቅ ወንድሜ ወልደጻድቅ እዚያው ዲላ አብሯት ስለሚኖር ማስታመሙ በእሱ ላይ ወደቀ። ከእኔ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሙሌ፣ ና እንጂ፣ ዓይንህን ልየው» ትለኛለች። ዲላ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ጠዋት የተነሣ ሰው ምሳውን እዚያ ይበላል። ግን ፈቃድ በጠየቅሁ ቁጥር ኃላፊያችን አቶ ሽበሺ አንገቱን ይደፋና «ሁለተኛው ሹፌር እስኪመጣ ታገሠን፣ አንተ ከሄድክ መኪናዋ ቆመች ማለት ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው። አቶ ሽበሺ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ የሆነውን በኋላ ነው የሰማሁት። ወልደጻድቅ ጠዋት የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለአቶ ሽበሺ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም መሪ ለጨበጠ ሰው። «እናታችን ዐርፋለች፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እባካችሁ ሕመሙ ባሰባት ብላችሁ በዘዴ ይዛችሁልኝ ኑ» አለው። ያን ቀን ደግሞ ከክልል የድጋፋዊ ክትትል ቡድን ይመጣል። ለሁለት ቀን ይቆያል፤ ከሚያያቸውም ነገሮች አንዷ አምቡላንሷ ናት። አቶ ሽበሺ ጥቂት አሰበና «እንዲህ አጣድፈን መንገድ ላይ ከምንሰብረው፣ ሐሙስ ጠዋት ዕድሩን ሰብስበን በሥርዓቱ እናረዳዋለን» አለ። ወንድሜም በለቅሶ መሃል ነውና እሺ አለ። በሥርዓቱ የምትለዋን ቃል ማን ይከራከራታል? ከዚያ ለዘመዱ ሁሉ፣ ማንም ለሙሉጌታ እንዳይደውል ተባለ።

እኔ በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ስገባ ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሰላም አለኝ። ይኼ ሰው ለኃላፊውም አይነሣም። የጽዳት ሠራተኛዋ መኪናዬን ሳልጠይቃት አጥባልኛለች። አቶ ሽበሺ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «እንዴት አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና?» ብሎ ጀምሮ መሬት መሬት አየ። ሲስተር ታቢታ ደግሞ ምሳ እኔ ነኝ የምጋብዝህ ብላ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ድረስ ወስዳኝ ዓሣ አበላችኝ። እሷ ራሷ አልበላችም፤ አጥንቱን እየለቀመች ወደ እኔ ሳህን ሥጋውን ስትገፋ ነበር።

«ጋሼ፣ ብላ እንጂ» አለችኝ።

«ምን ተገኘ ዛሬ? ተሾምኩ እንዴ?»

«ሰው ሰውን ለመጋበዝ ሹመት ያስፈልገዋል?» አለችና ወደ ሐይቁ ዞረች።

ሰው እንዲህ ባንዴ ከተነሣልህ ወይ ሹመት ነው ወይ ሞት። እኔ ግን ፈቃድ መሰለኝ። ሁለተኛው ሹፌር ተገኝቷል፣ እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው የደበቁኝ ብዬ ደመደምኩ። ደስ አለኝ። ያን ቀን እውነትም ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት፤ ዛሬ ሳስበው የማፍረው በዚህ ነው።

እንግዶቹ ከሰዓት በኋላ መኪናዋን አዩ። አልጋዋን፣ ኦክስጅኗን፣ ጎማዋን። አንደኛው፣ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ «ሳይረኗ ይሠራል?» አለ። ይሠራል አልኩት። «እስቲ አሰማን» አለኝ። አቶ ሽበሺ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ምን ሊል እንደነበር እንጃ፣ መልሶ አወረደው። እኔ ሳይረኑን ለቀቅሁት። ግቢው ሙሉ ጮኸ። እንግዶቹ ሳቁ፣ አንዷ አጨበጨበች። «ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው፣ በሰዓቱ እየሄድን ነው» አለ ባለኮቱ ሰዓቱን አይቶ፣ ወደ መድኃኒት ክፍል እየሄደ።

ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ጠራ፣ ሦስት ወላድ አመላለስኩ፣ ከዲላ ግን ማንም አልደወለም። ማታ በፒያሳ በኩል ስመለስ ለእማዬ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛሁ፤ ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ። ሚስቴ ሐና ፌስታሉን ስታይ ወደ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ጉንፋን ነው» አለችኝ፤ እኔም አፍንጫሽን በትኩስ ውኃ ታጠኝ ብያት ተኛሁ። ለካ ከሰዓት በኋላ ነግረዋት ነበር።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እጄ ወዲያው ወደ መኪናው ቁልፍ ሄደ፤ ምጥ ነው ብዬ። ስከፍት ግቢው ሰው ሞልቶታል። የዕድራችን ዳኛ አቶ አሰፋ ከፊት፣ ቄሱ አጠገቡ፣ አቶ ሽበሺ፣ ሲስተር ታቢታ፣ ዘበኛው ሳይቀር። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቋል። እንደዚህ ዓይነት ሰልፍ ስንቴ አይቻለሁ፤ አንድም ጊዜ ግን ወደ እኔ የመጣ አልነበረም።

«ሙሉጌታ ልጄ፣ ተቀመጥ» አለ አቶ አሰፋ። «አንተ የስንቱን ሐዘን ያየህ ሰው ነህ። እናትህ ዐርፈዋል።»

ሐና ጮኸች። ሴቶቹ ተቀበሏት። ሁለት ወንዶች ልወድቅ እችላለሁ ብለው ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። እኔ ቆሜያለሁ።

«መቼ?» አልኩ።

የመለሰችልኝ ሲስተር ታቢታ ናት። «ማክሰኞ፣ ጋሼ።»

«ቀብሩስ?»

«በዚያው ቀን። ዘጠኝ ሰዓት።»

ዘጠኝ ሰዓት ምን ሳደርግ እንደነበር ለማስታወስ ብዙ አልደከምኩም። ከአፌ የወጣው ሳቅ ነው። ሰዎቹ ደነገጡ፤ ድንጋጤ ነው፣ ውኃ ስጡት አሉ። ውኃውን ጠጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካኑ ነበር፣ አንዷ ጎረቤት እንግዶች እንዳያዩት ብላ አነሣችው። ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። ጥርስ ሲነቀል መርፌ ከወጉህ በኋላ ከንፈርህ የሰው እንደሚመስልህ፣ ሁለንተናዬ እንደዚያ ሆነ።

ዲላ ወሰዱኝ። መቃብሩ ላይ አፈሩ ደርቋል። እኔ እንድመልሰው የቀረ እፍኝ አፈር እንኳ አልነበረም። ለቅሶ ቤት ገብቼ ስቀመጥ አክስቴ ወለተጊዮርጊስ ደረቷን እየመታች ወደ እኔ ዞረች።

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል ነበር! ይኼስ? ይኼ ገበያ እንደሄደችበት እንኳ አላለቀሰ!»

ሰው ተዪው አላት። ተሳስታ ግን አይደለም። ዓይኔን አሸሁት፣ ራሴን በልቤ ተሳደብኩ፣ የእማዬን ድምፅ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዲት ዘለላ አልወጣም። አጠገቤ የሚያለቅሱትን ጎረቤቶች በቅናት አያቸው ነበር።

የሐዘን ፈቃድ ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። አቶ ሽበሺ ቢሮው አስጠርቶኝ «በሥርዓቱ ልናረዳህ ብለን ነው እንጂ...» አለ። አመሰግናለሁ ብዬው ወጣሁ። ሁለተኛው ሹፌር አሁንም በሂደት ላይ ነበር።

ለሲስተር ታቢታ ግን ነገርኳት። ከሆስፒታል ስንመለስ ነው። «ስሚኝ ሲስተር፤ ከእንግዲህ በእኔ መኪና ውስጥ ሞት አይደበቅም። የሞተበት ሰው እዚያው ይሰማል። ሥርዓት ብላችሁ የማንንም ቀብር አታስመልጡም።» ቀና ብላም አላየችኝም። «እሺ ጋሼ» አለች፣ ለደከመው ሰው እንደሚባለው።

ኅዳርና ታኅሣሥ እንዲሁ ሄዱ። እነዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሐና ታናግረኛለች፣ እመልስላታለሁ። እሑድ እሑድ ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀምጣለሁ። አያመኝም ነበር፤ አለማመሙ ራሱ እንደሚያም ብናገር ሰው አያምነኝም።

ጥር ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ቢኒያም የሚባል የባጃጅ ሹፌር ደወለ። ሚስቱ ሮሆቦት ቤት ውስጥ ወልዳ ደሙ አልቆም ብሏታል። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ደረስን፣ አነሣናት፣ ሕፃኑን ሲስተር ታቢታ ደረቷ ላይ አቀፈችው። በመሃል ከተማ በኩል ሳይረኑን ከፍቼ አለፍኩ። ቢኒያም ከኋላ የሚስቱን እግር ይዞ በሲዳምኛ እየጸለየ ነበር። ሆስፒታል እንደደረስን ደም ያስፈልጋል ተባለ፤ ወዲያው ክንዱን ሰጠ። ከዚያ ጥጡን ክንዱ ላይ ተጭኖ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

ሲስተር ታቢታ በጎን በር ወጥታ ወደ መኪናው መጣች። ፊቷን ሳየው ገባኝ።

«አልተረፈችም» አለች። «ልጁ ደህና ነው፣ እኔ ከእሱ ጋር እቆያለሁ። ባሏ አልሰማም። ለልጁ ልብስ አምጣ ተብለሃል ብለህ ቤቱ አድርሰው። አጎት አለው፣ ለአጎቱ ሹክ በለው፣ እነሱ ያረዱታል።» ከዚያ ያልኳት ትዝ ብሏት መሰለኝ፣ ክንዴን ያዘች። «ጋሼ፣ አደራህን።»

ክንዴን ከእጇ አስለቀቅሁ። ቢኒያምን ጠራሁት፣ ጋቢና ገባ። «ደሜ ደረሳት?» አለኝ። መኪናውን አስነሣሁ። ፒያሳን አልፈን ሱቆች መዝጊያቸውን ከሚከፍቱበት ቦታ እስክንደርስ ድረስ ስለ ልብሱ ሲያወራ ነበር፤ የትኛው ብርድ ልብስ እንደሚሞቅ፣ እሷ የቱን እንደምትወድ። አላስቻለኝም። ዳር ያዝኩና አቆምኩ።

«ቢኒያም፣ ልብሱ ይቆይ። ሮሆቦት ሞታለች። ልጅህ ደህና ነው። ቀብሯ እንዳያመልጥህ ብዬ ነው የምነግርህ።»

ጥጡ ከክንዱ ላይ ወደቀ፣ አላነሣውም። ይጮሃል፣ በሩን ከፍቶ ይሮጣል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረና ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተ ማነህ?»

«ሹፌሩ ነኝ።»

«እኮ! ሹፌር ነህ። ታዲያ ለምን አንተ ትነግረኛለህ?» በጣቱ ወደ ዳገቱ አመለከተ። «እኔ ሰው የለኝም እንዴ? አጎት አለኝ፣ ዕድር አለኝ፣ ቸርች አለኝ፣ ጎረቤት አለኝ። ውሻ ነኝ እንዴ፣ መንገድ ዳር መኪና አቁመው የሚነግሩኝ?»

የእኔን ልነግረው ፈለግሁ፤ ማክሰኞን፣ ዘጠኝ ሰዓትን። በሰው ሐዘን ላይ የራሴን መጫን መሰለኝና ተውኩት። ትክክል ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የምሬን ነው የምልህ፣ ከሚስቱ ሞት ባላነሰ የእኔ መንገድ ዳር መንገር የጎዳው ይመስል ነበር።

ቢኒያም ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። ወገቡን አቃንቶ ተቀመጠ።

«አልነገርከኝም» አለኝ። «አልሰማሁም። ንዳ።»

ነዳሁ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ አረንጓዴ በር አሳየኝ። «አጎቴ እዚያ ነው። ለእሱ ንገረው። እኔ እዚህ እቆያለሁ።» ወርጄ በሩን አንኳኳሁ። ሽማግሌው ወጥተው ሰሙኝ፣ አንዴ ግድግዳውን ተደገፉ፣ ከዚያ ወዲያው ወደ ሥራ ገቡ። አንዱን ወደ ላይ፣ አንዷን ወደ ታች ላኩ። በር ከበር እየተከፈተ ሰው ይወጣ ጀመር። ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ፣ ጫማውን እያጠለቀ የሚመጣ፣ አግዳሚ የሚሸከም።

ይኼ ሁሉ የሚሆነው ቢኒያም ፊት ነው። በመኪናው መስታወት ሁሉንም ያያል። ሰው ወደ እሱ ባየ ቁጥር እንዳላየ ወደ ጎን ይዞራል። ሰዎቹም እንዳላዩ ያልፉታል። ማንም ሰው ሠፈሩ ሙሉ እየተሰበሰበለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም፤ እሱ ግን ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ እስኪነገረው ይጠብቃል።

ሁሉም ሲደርስ አጎቱ መጥተው በሩን ከፈቱለት።

«ልጄ፣ ና ውረድ፣ ወደ ቤት ግባ።»

«ምነው አጎቴ፣ በዚህ ጠዋት? ደህና ናችሁ?» አለ ቢኒያም።

አቅፈው አስገቡት። እኔ አጥሩ ዳር ቀረሁ። ከውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ቢኒያም ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማ ሰው ነው የጮኸው፤ የመጀመሪያውም ነበር። አሥር፣ ሃያ ድምፅ ተከተለው። ቤቱ ሙሉ አብሮት ወደቀ፣ አብሮት ያዘው።

አቶ አሰፋ ጎህ ሲቀድ ደጄ ላይ እንደዚህ ነበር የቆመው። ሁለት ሰዎች ክንዴን የያዙኝ እንዳልወድቅ ነበር። ቀኑን የሰረቁኝ አቶ ሽበሺና ያ ሂደት ናቸው፤ ያንን ዛሬም ይቅር አላልኩም። በሩ ላይ የመጡት ሰዎች ግን ለእኔ ነበር የመጡት፤ እኔ ቆሜ ቀረሁባቸው። እማዬ ሙሌ ስትል ሰማኋት። ዓይንህን ልየው ስትል። አጥሩን ያዝኩ፣ ከሆዴ የወጣውን ድምፅ እኔም አላወቅሁትም።

አንዲት አሮጊት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያለቅሱ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ፤ ከዘመዱ ሁሉ ይልቅ የሚያለቅስ የማያውቁት ሰው ሆኖባቸው ነው።

«የኔ ልጅ» አሉኝ በተሰባበረ አማርኛ፣ «ለሟች ምኗ ነህ?»

«ሹፌር ነኝ» አልኳቸው። «እናቴ ሞታ ነው።»

«ውይ! መቼ?»

መልሴን ግን አልጠበቁም። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉና ከአጠገባቸው አስቀመጡኝ።